እታለም ከሄደች ማን ይተካታል?



በዚህ የጀመዓችን ጋዜጣ ላይ ስለ ሕክምና የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ግቢ የሚመጡት ወንድሞችና እህቶች ናቸው። እኛ ሦስታችንም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ያደግነው ሰቆጣና ዙሪያዋ ነው፤ ግማሽ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን በመድረሳ እየተማርን ነው እዚህ የደረስነው። «ስለ ማደንዘዣ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ያገባን በዝምድና ነው። ከሦስታችን የአንዱ ታላቅ እህት አኔስቴቲስት ናት። ለማስተርስ ለማመልከት ስትነሣ እሷ ዋግ ላይ ኔትወርክ እየጠፋባት ስለሆነ መረጃ ማፈላለጉም፣ ፎርም መሙላቱም፣ ለፈተና ማስጠናቱም እኛ ላይ ወደቀ። ሦስታችንም «እታለም» ነው የምንላት፤ እዚህም እንዲሁ እንበላት።

ፎርሙን መሙላት ብዙም አላስቸገረንም። ወራት ያከራከረን ፎርሙ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው፦ እሷ ለሁለት ዓመት ከሄደች እናቶቹን ማን ያደንዝዛቸው?

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። አገር ቤት አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ስትገላገል ሰው ከአላህ ቀጥሎ የሚያመሰግነው የቀደዳትን ዶክተር ነው። በራስጌዋ ቆሞ የነበረውን ሰው ስም የሚጠይቅ የለም። ያ ሰው ግን ቢላው ከመንካቱ በፊት ጀምሮ ስፌቱ አልቆ እናትየዋ ወደ ክፍሏ እስክትመለስ ትንፋሿንና የደም ግፊቷን እየተከታተለ የሚቆይ ነው። ለወሊድ ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የወገብ መርፌ ነው። እናትየዋ ተቀምጣ ጀርባዋን ታጎብጣለች፤ መርፌው በታችኛው ወገብ አጥንቶች መካከል ገብቶ ነርቮቹን ወደ ከበበው ፈሳሽ ይደርሳል፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን ይሰጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ከደረቷ በታች ሕመም አይሰማትም። እሷ ግን ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች።

ችግሩ ይህ መድኃኒት የደም ሥሮችንም ያላላል፤ ግፊቷ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከባዱ ማህፀን ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል የሚያደርጓትም ለዚህ ነው። ግፊቱ መውረዱን ቀድሞ አይቶ ፈሳሽና መድኃኒት የሚሰጣት ያው በራስጌዋ የቆመው ሰው ነው። ብዙ ደም ከፈሰሳት ወይም የወገብ መርፌው ካልያዘላት ደግሞ ኬታሚን አለ። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ገጠር ላይ የሚወደደው ታካሚው ሕመም ሳይሰማው በአብዛኛው በራሱ መተንፈሱን ስለሚቀጥልና ግፊቱንም እንደ ሌሎቹ ስለማይጥለው ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የሚሠራው ግን የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ሲሆን ነው። እታለም አንድ ቀን በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችን፦ «መድኃኒት መውጋቱንማ ማንም ይለምደዋል። እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ትንፋሽ ሲቆም ለማደርገው ነው።»

ለኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ የምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ በመቶኛ ከጅቡቲ ወደብ ጋር እኩል ነው፤ 21 በመቶ። ግፊቱ ግን ከባሕሩ ዳር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር የሚቆይበት መጠባበቂያ ዋግ ላይ ያነሰ ነው። የሚገርመው ደግሞ የማደንዘዣው ጋዝ ነው። ከፍታ ላይ ከቫፖራይዘሩ የሚወጣው ጋዝ በመቶኛ ሲለካ መሣሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይበልጣል። ይሁንና የፈሳሹ የእንፋሎት ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በከፍታው ስላልሆነ የሚያደነዝዘው ኃይል እምብዛም አይለወጥም። ቴርሞዳይናሚክስ ክፍል ውስጥ የእንፋሎት ግፊት ሠንጠረዥ እንቅልፍ ሲያመጣብን ከርመን፣ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን ከእታለም አፍ ሰምተን ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ነርሶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ኤተር ለኦፕራሲዮን እንደሚያገለግል በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ነው፤ የሰጠውም ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ነበር። በኋላ ግን ቀዶ ሐኪሞች ራስጌ የሚቆም፣ ሐሳቡ በታካሚው ላይ ብቻ የሆነ ሰው ሲፈልጉ አሜሪካ ውስጥ ሥራው ነርሶች እጅ ገባ። ከእነሱ አንዷ አሊስ ማጎ በሚኒሶታ ግዛት ከ14,000 በላይ ሰዎችን አደንዝዛ በማደንዘዣው ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተባት እ.ኤ.አ. በ1906 ጽፋለች። ያኔ ሞኒተር የለ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ የለ፤ የነበራት ዓይኗ፣ ጆሮዋና ጣቷ ነው። ዛሬ በዚያ አገር ነርስ አኔስቴቲስት መሆን የሚፈልግ ሰው የነርስነት ዲግሪና የሥራ ፈቃድ ይዞ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቶ ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የገቡት ሁሉ የሚመረቁት በዶክትሬት ነው።

ኢንተርኔት ላይ «ለነርስ አኔስቴዥያ ድኅረ ምረቃ እንዴት ላመልክት?» ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ሁሉ ይህንኑ የአሜሪካ መንገድ ነው። ነርሲንግ የምትማሩ እህቶች ይህን አንብባችሁ ሒሳባችሁን እንዳትሠሩ። በእኛ አገር መንገዱ ሌላ ነው። ቀድሞ ነርሶች እየተመረጡ ተጨማሪ ሥልጠና ይወስዱና ማደንዘዣ ሰጪ ይሆኑ ነበር። ኋላ አኔስቴዥያ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆነ፤ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ አዲስ አበባ፣ ደብረ ታቦርና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። የማስተርሱ በር በአብዛኛው የሚከፈተው ይህን ዲግሪ ይዞ ለመጣ ነው። በነርሲንግ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ እገባለሁ ከማለታችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን መስፈርት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። እታለም ሁለቱንም ረግጣለች፦ በዲፕሎማ ነርስ ሆና ጤና ጣቢያ ሠራች፣ ከዚያ በአኔስቴዥያ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ዋግ ተመለሰች።

አገራችን ውስጥ በማደንዘዣ ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። ከዚያ ውጭ ያለው ሸክም የእንደ እታለም ያሉ ሰዎች ነው። አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ቢኖረው፣ ክፍሉ ቢያበራ፣ ደም ቢገኝ፣ የሚያደነዝዝ ሰው ከሌለ ኦፕራሲዮን የለም። እናትየዋ ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ትባላለች። ከዋግ ወደዚያ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም በዚህ ዘመን መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ሲዘጋ፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቁጥር ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ወሊድ 21 ያህሉ በኦፕራሲዮን ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ከመቶ ሁለት ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አላስፈላጊ የሆነው ስንት እንደሆነ ሐኪሞች ይከራከሩበት። በአገር ደረጃ ያለው ሁለት በመቶ ግን ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች ሳያገኙት እንደቀሩ ይናገራል።

ለሰቆጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የከተማችንን ስም አገር የሚያውቀው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የገባው ቃል። ከላይ ያነሣነው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በልጅነቷ የቀነጨረች ልጅ አጭር ሆና ታድጋለች፤ አጭር እናት ደግሞ ዳሌዋ ለሕፃኑ ራስ የመጥበቡ ዕድል ከፍ ይላል፤ ምጧ ይታገዳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ መቀንጨር የሚሰበሰበው ስብሰባ ሁሉ ውጤቱ እስኪደርስ፣ ትናንት የቀነጨሩት ልጆች አድገው ማዋለጃ ክፍል ሲመጡ ራስጌያቸው የሚቆም ሰው ያስፈልጋቸዋል። በጦርነቱ ዓመታት የዋግ ጤና ተቋማት እንደተዘረፉና እንደወደሙም ታውቃላችሁ። አልጋውም ማሽኑም በእርዳታም በግዢም ይተካል። ሰው ግን በግዢ አይመጣም።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ የሚያመለክት ሁሉ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ተማሪው «ጋት» የሚለውን። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ የራሱ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ መላክ አለበት። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። በመንግሥት ስፖንሰር የሚሄድ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣል፤ ተምሮ ተመልሶ ለማገልገልም ውል ይገባል።

ጋትን ለማስጠናት ሌሊት ሌሊት በቴሌግራም ተቀመጥን። የቁጥር ጥያቄዎቹ ከእኛ ሙያ ጋር ይቀርባሉ ብለን ነው የተመደብነው። የሬሾና የመቶኛ ጥያቄ ስንልክላት እኛ ወረቀት ሳናወጣ መልሱን ትልካለች፤ በኪሎ ስንት ሚሊ ግራም እያለች ስንት ዓመት በጭንቅላቷ ስታሰላ የኖረች ሰው ናት። የአቀማመጥና የዕድል ሒሳብ ግን አስቸገራት። አንዳንድ ሌሊት ጥያቄ ልከን መልስ ሳይመጣ ይነጋል። ከሱብሒ በኋላ «ኦፕራሲዮን ላይ ነበርኩ፤ መንታ ነበሩ፣ አልሐምዱሊላህ ሦስቱም ደህና ናቸው» የሚል መልእክት ይደርሰናል። ሦስት ስትል እናትየዋን ቆጥራ ነው።

የተያዘው የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ነው። በምትሠራበት ሆስፒታል ያሉት አኔስቴቲስቶች ሁለት ናቸው፤ እሷና ከጎጃም የመጣ ባልደረባዋ። የሆስፒታሉን ስም አንጠቅስም፤ እንዲህ ያለው ቤት በአገሪቱ ሞልቷል። ሁለቱ ሌሊቱን ይፈራረቃሉ። እሷ ከሄደች ባልደረባዋ ሌሊቱ ሁሉ የእሱ ይሆናል፣ የሚታመምበት ቀንም አይኖረውም። ስለዚህ ፈራሚው ኃላፊ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አይሆንም» አላለም፤ «እስቲ እንይ» እያለ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ሦስታችን የተከራከርነው በዚህ ነው። አንዳችን «ይህ ግፍ ነው፣ በችሎታዋ ምክንያት ታሰረች ማለት ነው» አለ። ሌላችን ኃላፊው ትክክል ነው፣ በአንዲት ሴት ዕድገት ምክንያት ሌላዋ ሴት መንገድ ላይ መሞት የለባትም ብሎ ተሟገተ። ሦስተኛችን ለሁለቱም እየፈረደ ሁለቱንም አናደደ። እታለም ግን ፈራሚውን አላማችም፤ «እሱ ቦታ ብሆን እኔም እጄ ይከብደኛል» አለች። ኢስቲኻራ ሰግዳ ጥያቄዋን አጠናክራ ቀጠለች።

ለምን ትሄዳለች? ደሞዙና ደረጃው አለበት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ዋናው ግን ሌላ ነው። ዲግሪው ላይ ያየቻቸውና ብቻዋን ልትደፍራቸው የማትፈልጋቸው ሥራዎች አሉ፦ የጥቂት ቀን ሕፃን ማደንዘዝ፣ ልብ ሕመምተኛ እናት፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ በማሽን የሚተነፍስ ሰው። በእነዚህ ላይ ልዩ ሥልጠና ካገኘች ዋግ ውስጥ ሆና ሌሎቹን ማስተማር ትችላለች። ሪፈር የሚባሉትም ይቀንሳሉ። የሁለት ዓመት ጉድለት የሃያ ዓመት ትርፍ ያመጣ እንደሆነ ነው ሒሳቡ። ሒሳቡ ግን የሚሠራው በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቦታውን የሚሸፍን ሰው ካለ ነው።

መድረሳ ሳለን ፈርዱል ኪፋያን ሁላችንም ተምረናል፤ የጀናዛ ሶላት ምሳሌው ነበር፤ የተወሰኑት ከሠሩት ከሌሎቹ ላይ ይወርዳል። ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ የዕውቀት ምዕራፍ ላይ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ይቆጥራሉ፤ በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሕክምናን የሚማር መጥፋቱንም አጥብቀው ይወቅሳሉ። ይህ ቦታ በየጀመዓው ፕሮግራም ላይ የሕክምና ተማሪዎችን ለማወደስ ይነበባል። እኛን የያዘን ግን ቁጥሩን የሚሰፍሩት በአገር መሆኑ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ችግሩ የሚደርሰው በዚያች ከተማ ሰዎች ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መቶ ሰው ቢኖር ለሰቆጣ አያወርድላትም። ደግሞ «አንድ ሰው ይበቃል» የሚለው የሚሠራው አንዱ ሰው ሥራውን ሊሸፍን ከቻለ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ነቅቶ ሊቆም የሚችል የአደም ልጅ የለም። ስለዚህ ሁለት ሰው ያለበት ሆስፒታል ኪፋያው እንዳልሞላ ነው የምንረዳው፤ እታለም ብትሄድም ባትሄድም። የተሳሳትነው ካለ ዑለማዎቻችን ያርሙን።

የማደንዘዝ ነገር ለእኛ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ኢብኑ ሲና በቃኑን ውስጥ ሕመም የሚያደነዝዙ ዕፀዋትን ዘርዝረዋል። በሻፊዒይ ኪታቦች ውስጥ የበሰበሰ እጅ ለመቁረጥ አእምሮን የሚያስት ነገር መውሰድ ይቻላል ወይ የሚል መስአላ አለ፤ ኢማም ነወዊ ሚዛን የሚደፋው መፈቀዱ ነው ብለዋል። የዑርወቱ ኢብኑ ዙበይርን ታሪክማ የማያውቅ የለም፤ እግራቸው ሲቆረጥ የሚያደነዝዝ መጠጥ ቀርቦላቸው አልፈልግም አሉ ይባላል። በሑጥባ የምንሰማው ስለ ሶብራቸው ነው። እኛ ግን መጠጡ እንደቀረበላቸውም ልብ እንላለን። የራሱን ሶብር ማንም መምረጥ ይችላል፤ የዑርዋን ሶብር ከአንዲት የደሃና ገበሬ ሚስት ላይ መጠየቅ ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

ዋግ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ሙስሊሞቹ ጥቂት ነን። እታለም ክፍል የሚገቡት እናቶች በምጥ ጊዜ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ነው የሚገቡት። እሷ ደግሞ በልቧ ሱረቱ መርየምን ታስታውሳለች፤ የዒሳ (ዐ.ሰ.) እናት በምጧ ቀን በዘንባባው ግንድ ሥር ብቻዋን የነበረችበትን ቦታ። «እኔ ክፍል ብቻዋን የምትሆን የለችም» ትላለች።

ቋንቋውም አለ። ከገጠር የምትመጣው እናት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ኽምጣኛ ብቻ ነው። የወገብ መርፌ ከተሰጠ በኋላ መድኃኒቱ መያዙ የሚረጋገጠው በማሽን አይደለም፤ በመጠየቅ ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ እያስነኩ «እዚህ ጋ ይቀዘቅዝሻል? እዚህስ?» ይባላል። ጥያቄው ካልገባት ወይም መልሷ ለሚሰማው ካልገባ፣ ያልያዘ መድኃኒት ላይ ቢላ ሊያርፍ ነው። እታለም ይህን በኽምጣኛ ትጠይቃለች። ባልደረባዋ ጎበዝ ሰው ነው፤ ግን አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስተርጓሚው የእናትየዋ ባል ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጀርባዋን አጋልጣ ስትቀመጥ ሴት ባለሙያ ብትሆንላት ደስ የሚላት ሙስሊም እናትም አለች፤ እውነቱን ለመናገር ክርስቲያኗም እንዲሁ ናት። ኀፍረት ሃይማኖት አይለይም።

እዚህ ግቢ ውስጥ ግን የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ምርጫ ሲሞሉ አይተናል። ሜዲስን፣ ሶፍትዌር፣ ፋርማሲ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አኔስቴዥያ የሚመጣው ወደ ታች ነው፤ ብዙዎቹ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ። ሴቶቹ እህቶቻችን ደግሞ «ኦፕራሲዮን ክፍል ሒጃብ ያስቸግራል» ሲሉ ሰምተናል። እታለምን ጠየቅናት። የቀዶ ሕክምናው ኮፍያ ፀጉርንና አንገትን የሚሸፍነው ዓይነት አለ፣ እጅጌው እስከ ክንድ ነው፣ የማያገኝ ሰው ከንጹሕ የቀዶ ክፍል ጨርቅ ያሰፋል አለችን። ከዚህ በላይ የሚከብደው እንቅልፉ ነው ብላ ሳቀች።

ደብዳቤው በመጨረሻ ተፈረመ። የዞኑ ሰዎችና ሆስፒታሉ ተነጋግረው እሷ በምትሄድበት ጊዜ ከሌላ ሆስፒታል አንድ ሰው በተራ እየመጣ እንዲሸፍን ተስማሙ፤ እሷም ዕረፍቷን ዋግ እየመጣች ልትሠራበት ቃል ገባች። ይህ ዝግጅት ሁለት ዓመት ይዘልቃል ወይ ብለን ስንጠይቃት «አላህ ያውቃል፤ መኪናም ካለ ነው» አለች። ጋትን አልፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። የትምህርት ክፍሉን ፈተና እየጠበቀች ነው፤ በዱዓችሁ አትርሷት።

እኛም የሴሚስተሩ ዕረፍት ላይ ሰቆጣ ስንሄድ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ ሙያው ለመናገር ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ግማሽ ሰዓት ተሰጠን። እታለም ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥታ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ይዛ የአንዱን ጎረምሳ ጣት አስገብታ ትንፋሹን እንዲይዝ አደረገችው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ምን ምን እንደሚያስፈልግ እየጠየቁ ይጽፉልናል። አንዷ ከጋዝጊብላ የመጣች ኽምጣኛ ተናጋሪ ናት፤ ባዮሎጂ ትወዳለች፣ ፊዚክስ ያስፈራታል። ፊዚክሱን እኛ ይዘንላታል፤ ማክሰኞና ዓርብ ከዒሻ በኋላ።